ሁለት ባንዲራ፣ አንድ ቋጠሮ

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ክንድ ቱቦ ነው። ከድንበሩ ወንዝ ማዶ ያለው አገረ ገዥ አንድ ቀን ጠዋት በመስኮቱ ሲመለከት የወዲህኛው ባንዲራ ከእርሱ ባንዲራ ትንሽ ከፍ ብሎ ታየው። እውነት ከፍ ብሎ ይሁን ወይስ መስኮቱ ተንጋዶ፣ ዛሬም ድረስ አልተጣራም። ብቻ በማግሥቱ የማዶው ምሰሶ አንድ ክንድ ጨመረ። የወዲህኛውም ገዥ «እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ?» አለና በራሱ ላይ ሁለት ክንድ አስጨመረ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱን የሚገላግል ጠፋ።

ሁለቱ መንግሥታት በአንድ ወቅት ተዋግተዋል። ድንበራቸው ወንዝ ነው፤ በወንዙ ላይ አንድ አጭር ድልድይ አለ፤ በድልድዩ ወገብ ላይ ደግሞ ነጭ መስመር ተሰምሯል። ምሰሶዎቹ በድልድዩ ሁለት ጫፍ ቆመው ይፋጠጣሉ። የሁለቱም ዳር ሰው ቋንቋው አንድ፣ ገበያው አንድ፣ ዘመዱም የተቀላቀለ ነው። የተለያየው ባንዲራው ብቻ ስለነበር ገዥዎቹ እሱን አጥብቀው ያዙ።

ምሰሶው በረዘመ ቁጥር ባንዲራውም መተለቅ ነበረበት። ወዲህ ይህን የሚሠሩት በመንግሥቱ ስፌት ቤት ያሉ ሴቶች ናቸው። የአዲሱ ባንዲራ ልክ የመንግሥት ምሥጢር ነው ስለተባለ የስፌት ቤቱ መስኮቶች በሚስማር ተመቱ፤ በላዩም ጥቁር ጨርቅ ተጋረደባቸው። ሴቶቹ በጠራራ ፀሐይ አምፖል እያበሩ፣ በላብ እየተጠመቁ ይሰፉ ጀመር። አየር ሲያጥራቸው በተራ በተራ በሩ ሥር ባለችው ክፍተት አፍንጫቸውን ይደቅናሉ።

ከሴቶቹ አንዷን ሁሉም መርፌ ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ቀጭን ስለሆነችና ምላሷም ስለሚወጋ መርፌ አሏት፣ እሷም ወደደችው። አባቷ አስር አለቃው የባንዲራው ጠባቂ ናቸው። ጠዋት ይሰቅላሉ፣ ማታ ያወርዳሉ። የባንዲራውን ገመድ ከእሳቸው በቀር ማንም አይነካም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሏቸው ምክትላቸው ሊሰቅል ሲል ከነብርድ ልብሳቸው ወጥተው ገመዱን ነጥቀውታል። «ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ለሱ አስይዘው ነበር» ይላሉ ሁልጊዜ። «የለኝም። እኔው እይዘዋለሁ።»

የባንዲራው የብረት ቀለበቶች የሚሰፉት እዚያው ምሰሶው ሥር ነው፤ ይህ ደግሞ የመርፌ ሥራ ነበር። አንድ ቀን ቀለበት ስትሰፋ የክር ጥቅሏ ከጭኗ ወደቀና ድልድዩን ይዞ ተንከባለለ። ተነሥታ ሮጠች። ጥቅሉ ነጩን መስመር ሲያልፍ እሷ እግሯን ሰብስባ ቆመች። ተራው ሰው ሽንኩርት ሊገዛም ቢሆን ይሻገራል፤ የባንዲራ ሠራተኛ ግን ምሥጢር ስለሚያውቅ መሻገር ክልክል ነው።

ማዶ ከምሰሶው ወርዶ ምሳውን የሚበላ አንድ ወጣት ጥቅሉን በእግሩ አቆመው። የማዶው በያጅ ነበር። ያደፈ ቱታ ለብሷል፤ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎታል፤ ፊቱ ሁሉ ጠቁሮ የዓይኑ ዙሪያ ብቻ ነጥቷል።

«የመንግሥት ምሥጢር የሚሉት ይኼ ነው?» አለ ጥቅሉን እያገላበጠ።

«እሱ ክር ነው» አለች መርፌ። «ምሥጢሩ እኔ ጋ ነው።»

«እሱንስ ከላይ ሆኜ ሳየው ነው የሰነበትኩት።»

መርፌ ከመስመሩ ወዲህ ሆና እጇን ዘረጋች። በያጁ ክሩን አንድ በአንድ እየጠቀለለ፣ ባልተለመደ ዝግታ ወደ መስመሩ መጣ። ክሩ እያጠረ ሲሄድ ሁለቱም ቀርበው ተያዩ። ጥቅሉን ሲያቀብላት ጣቱ ጣቷን ነካው። ሁለቱም ጣታቸውን ለማንሣት አልቸኮሉም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን መስመሩ ላይ መብላት ለመዱ፤ እሷ ከወዲህ፣ እሱ ከወዲያ። መሻገር እንጂ መነጋገር አልተከለከለም። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች እነዚህ ሁለት ወገኖች ይነጋገራሉ ብለው አልጠረጠሩም። እሱ ስለ ከፍታው ያወራታል፤ እላይ ሆኖ ሲያይ ሁለቱ አገር አንድ ጣሪያ እንደሚመስል፣ ከመውደቅ የሚይዝ ቀበቶ ስለማይሰጧቸው ነፋስ ሲመጣ ምሰሶውን አቅፎ እናቱን እንደሚጠራ ይነግራታል። እሷ ደግሞ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ በመርፌ ቀዳዳ በስታ አንዲት የብርሃን ነጥብ እንዳስገባች፣ ሴቶቹም ፀሐያችን ብለው እንደሚጠሯት ትነግረዋለች። ይስቃሉ።

አስር አለቃው ይህን ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ማታ ቤት ገብተው ልጃቸውን አስቀመጧትና የማዶ ሰው ያው የማዶ ሰው መሆኑን፣ እሳቸው በዚያ ወንዝ ዳር ደማቸውን ማፍሰሳቸውን፣ ልጃቸው ከጠላት ጋር ዳቦ ስትቆርስ ማየት ሞታቸው መሆኑን ዘረዘሩላት። የሚገርመው ግን እሳቸው ራሳቸው አመሻሽ ላይ ባንዲራቸውን እንዳወረዱ በቀጥታ ወደዚያው መስመር መሄዳቸው ነው። እዚያ የማዶው ባንዲራ ጠባቂ፣ እንደ እሳቸው የሸመገለ ወታደር፣ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። በዚያ ጦርነት ፊት ለፊት ተተኳኩሰው ሳይመታቱ የቀሩ ሰዎች ናቸው። በየምሽቱ የማን ባንዲራ እንደሚያምር ይጨቃጨቃሉ። ለምን እንደሚሄዱ መርፌ ስትጠይቃቸው ለጠላት ፊት ላለመስጠት ነው አሏት።

የወዲህኛው ገዥ የሹመቱ በዓል ሲቃረብ ስፌት ቤቱ ጉድ ፈላበት። ገዥው ለዚያ ቀን ማዶን አንገት የሚያስደፋ ባንዲራ አዘዘ። ሴቶቹ ዕረፍት አልነበራቸውም። በያጁ የመርፌን ዓይን ቀልቶ ሲያየው ምን ሆንሽ አላት። እሷም ባንዲራው ላይ ስድስት ቅድ ጨርቅ ጨምረውብን ነው አለችው። በቃ፣ ያለችው ይኸው ነበር።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት አዲሱ ባንዲራ በማርሽ ባንድ ታጅቦ ወጣ። ሕዝቡ አንገቱን አቅንቶ ሲያይ ግን የማዶው ምሰሶ በቱቦ ረዝሞ፣ ከነትልቁ ባንዲራው ከወዲህኛው በላይ ጉብ ብሏል። ብየዳው ገና ትኩስ ነበር። የገዥው ፊት ከሰል መሰለ። ምሥጢር ያወጣውን ሰው ሳላስር አላድርም ብሎ ፎከረ።

መርፌ ስድስት ቅድ ያለችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለካ ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ዓይን ዓይኗን ማየት ለዚህ ኖሯል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ መስመሩ ላይ ጠበቀችው፤ ዳቦ አልያዘችም።

«ነግረሃቸዋል?»

በያጁ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ ከትከሻዋ በላይ አልፎ ወደ ወዲህኛው ምሰሶ ሄደ። አስር አለቃው ገመዱን ይዘው፣ መሬት መሬት እያዩ ቆመዋል። በያጁ አፉን መልሶ ገጠመ።

«ተናገር እንጂ። አልነገርኩም በለኝ። አምንሃለሁ።»

«መርፌዬ... ተይው። ያለቀ ነገር ነው።»

«አልቋል» አለች። «እኔና አንተም።»

ፊቷን አዙራ ሄደች። ቤቷ እስክትገባ አላለቀሰችም፤ ከገባች በኋላ ግን አባቷ ከበሩ ወዲያ ሲንቆራጠጡ አመሹ። እንዲህ ሲንቆራጠጡ አይታቸው አታውቅም።

ገዥው እልህ ይዞት ያንን በእጥፍ የሚበልጥ ባንዲራ ባስቸኳይ ይሰፋ አለ። በሁለተኛው ቀን ከሴቶቹ አንዷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። የሴቶቹ አለቃ እትዬ፣ ቁመቷ አጭር ድምጿ ረጅም የሆነች ሴት፣ ወዳቂዋን ውሃ ረጭታ አስነሣችና የራሷን መቀስ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «ከዛሬ ጀምሮ» አለች፣ «መስኮቱ ሳይከፈት መርፌ አይነሣም።» መርፌም መጀመሪያ ተከተለቻት። ሴቶቹ ተግተልትለው ወጡና ድልድዩ ላይ፣ ከመስመሩ ወዲህ ተቀመጡ።

ማዶ ሠራተኞቹ ይህን ከምሰሶው ላይ አዩ። እነሱም ወረዱና ቀበቶ ሳይሰጠን አንወጣም ብለው ከመስመሩ ወዲያ ተቀመጡ። የወዲህኛው ገዥ በራዲዮ አድማውን የጠነሰሰው የማዶው መንግሥት ነው ሲል የማዶው ገዥ ደግሞ የወዲህኛው ነው አለ። ሠራተኞቹ ራዲዮውን መሀል ላይ አድርገው አብረው እየሰሙ ሳቁ።

ያልሳቁት ሁለቱ ናቸው። መርፌ መስመሩ አጠገብ ተቀምጣ ጀርባዋን ሰጠችው። እሱ ግን ቦታውን አልለቀቀም። ጥላው ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ታየዋለች፤ ፈቀቅ ስትል ይከተላታል። ልትጠላው ብትሞክርም ሆዷ እንቢ አላት። እትዬ ይህን አይታ በጆሮዋ፣ አንቺ ልጅ፣ ለተጣላሽው ሰው በጣም ቀርበሽ ነው የተቀመጥሽው አለቻት።

በሦስተኛው ቀን የወዲህኛው ገዥ ትዕግሥቱ አለቀ። ጠርዙ ያልተቀመቀመውን ግዙፍ ባንዲራ ወታደሮች ከስፌት ቤቱ ጎትተው አወጡ፤ ገዥውም አስር አለቃው እንዲሰቅሉት አዘዘ። አስር አለቃው ጠርዙን በጣታቸው ዳብሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነው፣ ሰቀሉ። ማዶም ያለውን ትልቁን ሰቀለ። እኩለ ቀን ላይ ከወንዙ ሽቅብ የተነሣ ነፋስ የወዲህኛውን ባንዲራ እስከ ማዶ ዘረጋው። ሲመለስ የማዶውን ይዞ ዞረ፤ አንዴ፣ ሁለቴ ተጠማዘዙ፣ በመጨረሻም ሁለቱ ባንዲራዎች በድልድዩ አናት ላይ ተቋጠሩ።

ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ብረት ሲያቃስት ተሰማ። ነፋሱ ቋጠሮውን በሳበ ቁጥር ሁለቱ ምሰሶዎች እርስ በርስ እየተጎነበሱ ነበር። ከምሰሶዎቹ ሥር ሠራተኛው ሁሉ ተቀምጧል፤ አስር አለቃውም ገመዱን ጨብጠው ቆመዋል።

ባንዲራው ይውረድ ተባለ። የወዲህኛው ገዥ ማዶ ያውርድ እንጂ እኔ ቀድሜ አላወርድም አለ። የማዶውም ያንኑ አለ። ቀድሞ ያወረደ እጁን እንደሰጠ ይቆጠራላ። ሁለቱም ዋና ከተማ ሊደውሉ ገቡ።

በያጁ ግን የገዛ ብየዳውን ከታች ያይ ነበር፤ ሲሰነጠቅ አየው። ማንንም ሳይጠይቅ ነጩን መስመር ዘሎ አለፈ። ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን እስኪያነሡ አስር አለቃው ፊት ደርሷል።

«አባባ፣ ገመዱን ይልቀቁት። ምሰሶው ሊወድቅ ነው።»

«ካለ ትእዛዝ?» አሉ አስር አለቃው። «ቀድሜማ አልለቅም። ይልቅ አንተ ዞር በል፣ ይጫንሃል።»

«እርስዎ ካልሄዱ አልሄድም።»

መርፌ ሁለቱን አየች፤ ሽማግሌው ገመዱን፣ ወጣቱ ሽማግሌውን ይዘዋል። ያን ጊዜ ነጩ መስመር ላይ ሄዳ አንድ እግሯን ከወዲህ፣ አንድ እግሯን ከማዶ አድርጋ ቆመች።

«ማንም አይቀድምም!» ብላ ጮኸች። «እኔ እቆጥራለሁ። በሦስት ሁለታችሁም ትለቃላችሁ። አባዬ፣ ሰምተሃል?»

ማዶ ሽማግሌው ጠባቂ ገመዱን እንደያዘ አስር አለቃውን አያቸው። አስር አለቃው አዩት። ሠላሳ ዓመት የተጨቃጨቁ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርፌ ሦስት ስትል ሁለቱም ለቀቁ፤ ሁለቱ ባንዲራዎች ከነቋጠሯቸው ወርደው ድልድዩን፣ ሠራተኛውን፣ መርፌንና ሊጋርዳት የሮጠውን በያጅ አለበሷቸው። ምሰሶዎቹ እየተወዛወዙ ቀና አሉ። የሞተ ሰው ቀርቶ የተጫረ ሰው አልነበረም።

ገዥዎቹ ከስልክ ሲመለሱ ባንዲራዎቻቸው መሬት ላይ ተዘርረዋል፤ ጋዜጠኞችም ፎቶ ያነሣሉ። ይቆረጥና ይለያይ እንዳይሉ ባንዲራ መቁረጥ በሁለቱም አገር ያሳስራል። በእጅ የሚፈታ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ደግሞ አድማ ላይ ናቸው። እትዬ እጇን አጣምራ ቀረበች። ቋጠሮውን መርፌ ከውስጥ ትፈታዋለች፣ የማዶው በያጅም ጨርቁን ይይዝላታል፤ እናንተ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ስለ መስኮቱና ስለ ቀበቶው ትጽፋላችሁ አለቻቸው። ቋጠሮው የሚፈታው ፊርማው ሲደርቅ ነው። ስለ ምሰሶው ቁመትም አንድ ልክ ይበጅለት ብላ ጨመረች።

መርፌና በያጁ በጨርቁ ክምር ውስጥ ተንበርክከው ገቡ። ፀሐይ በሁለቱ ባንዲራዎች ቀለም አልፋ ፊታቸውን አንዴ ቀይ አንዴ ሰማያዊ ታደርገዋለች። እሷ ቋጠሮውን በጣቷ ትዳስሳለች፣ እሱ ይይዝላታል።

«ያልነገርካቸው ከሆነ» አለች በመጨረሻ፣ ቀና ሳትል፣ «ለምን ዝም አልክ?»

እሱ መልስ ከመስጠቱ በፊት የጨርቁ ጠርዝ ተገለጠና የአስር አለቃው ራስ ብቅ አለ። የለቀቁትን ገመድ ጫፉን ሰብስበው ይዘውታል። በእጅና በጉልበታቸው ዳዴ እያሉ ገቡና ከልጃቸው ጎን ቁጭ አሉ። አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ያ ሽማግሌ ባንዲራህ መሐረብ ያህላል ሲለኝ ጊዜ ነደደኝ። ቆይ የበዓሉን ቀን፣ ስድስት ቅድ ስንጨምር ታያለህ አልኩት። አፌን እንዴት እንደሚያስከፍተኝ ያውቅበታል።»

መርፌ አባቷን አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ወደ በያጁ ዞረች።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«ለመበየድ ሲጠሩን ሽማግሌው ሲናገር ሰማሁ። ብነግርሽ አባትሽን ያስሩብሽ ነበር።» ቋጠሮውን አጥብቆ ያዘ። «ከኔ ጋር ብትጣዪ ግን... እኔ እዚያው መስመሩ ላይ ነኝ። የት እሄዳለሁ?»

መርፌ አለቀሰች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። ጥቁሩን ጉንጩን በመዳፏ ያዘችና፣ አባቷ አጠገቧ መሆናቸውን እያወቀች፣ እወድሃለሁ አለችው። እሱም እሷን ካላገባ ከዚያ ጨርቅ ሥር እንደማይወጣ ነገራት። አስር አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ አንድ ባንዲራ ዞሩ፣ ደግሞ ወደ ሌላው ዞሩ፤ የሚያዩት ሌላ ነገር አልነበረም።

ቋጠሮው እንደተፈራው አልነበረም። መርፌ አንዱን ጠርዝ በሌላው ሥር አሾለከችና ሁለቱ ባንዲራዎች ተላቅቀው ጉልበቷ ላይ ተኙ። ሦስቱም አዩት። ማንም አልተነሣም። ከውጭ የእትዬ ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም መስኮቶች ይላል፣ አንድም ሳይቀር ይላል።

አስር አለቃው የገመዱን ጫፍ ጥቂት አገላበጡት። ከዚያ በያጁን እጅህን ስጠኝ አሉትና መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«ያዝልኝ» አሉ። «እጄ ደክሟል።»

መርፌ የአባቷ እጅ ደክሞ እንደማያውቅ ታውቃለች። የበያጁን ጣቶች በገመዱ ላይ አጠፈቻቸው።

«አስር አለቃ!» አለ የወዲህኛው ገዥ ከውጭ። «አልተፈታም እንዴ?»

አስር አለቃው በወታደርነት ዘመናቸው ሁሉ ለአለቃ ዋሽተው አያውቁም። ልጃቸውን አዩ፤ ገመዱን የያዘውን ልጅ አዩ። ከዚያ በሙሉ ድምፃቸው፣ የማዶው ሽማግሌ ጭምር እንዲሰማ፣ መለሱ።

«ገና ነው ጌታዬ! በጣም የከረረ ነው!»